አራተኛው ምት

አልበም መቅዳት በጀመርን በሦስተኛው ቀን መጋዝ ማይክራፎኑን መቆሚያው ላይ መልሳ ሰካችና «ይሄ እኮ ከባድ አይደለም፤ ጩኸት ነው» አለች።

እውነቷን ነበር። የስቱዲዮው መስታወት እስኪንቀጠቀጥ መትተናል፤ ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም ሁለት ጊዜ ሰው ልኮብናል። የቀዳነው ተመልሶ ሲከፈትልን ግን ጊታሪስታችን ሽቦ አዛጋ። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ይሉ ነበር አባቴ። ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ስንወቅጥ ነበር።

መጋዝ ዘፋኛችን ናት። ስሙ የወጣላት በሃያ ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ያኔ እንጨት ይሰነጥቅ ነበር። አሁን ሃምሳ አራት ሆኗታል፤ በሳምንት አምስት ቀን መድኃኒት ቤት ቆማ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለቴ» ስትል ትውላለች። ሽቦ የተባለው ደግሞ ቀጭን ስለነበር ነው። ዛሬ ሽቦነቱ ቀርቶ ጥቅሉ ነው ያለው፤ ፊቱ ላይም የምለው ስለሆነ ሐሜት አይባልም። እኔ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ኑሮዬን የምገፋው ግን ሰው መኪና መንዳት በማስተማር ነው። ቀኑን ሙሉ ከተማሪ አጠገብ ተቀምጬ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» እያልኩ ውዬ፣ ቅዳሜና እሑድ ፓንክ እጫወታለሁ። የሙዚቃ ቡድናችን ዝገት ይባላል።

ወደ ድሮው ከባድ ድምፃችን እንመለስ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው መጋዝ ናት። አንዲት ሴት መድኃኒት ልትገዛ መጥታ አወቀቻትና «ልጅ ሳለሁ የእናንተን ካሴት ስሰማ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጥብኝ ነበር» አለቻት። መጋዝ ደስ ብሏት ሳትጨርስ ሴትየዋ ቀጠለች፤ «አሁንማ የልጅ ልጄን የማስተኛው በእናንተ ዘፈን ነው።» ሴትየዋ ማመስገኗ ነበር። መጋዝ ግን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ችግሩ ድራመር አልነበረንም። ለብዙ ዓመት ድራም ሲመታልን የነበረው ሰው፣ ሰዓቱ የምንለው፣ አምና ዱላዎቹን አስቀምጦ ንብ ማነብ ጀምሯል። ስለዚህ ድራሙን የሚመታልን ኮምፒውተር ነበር። ድምፅ የምትቀዳልን ልጅ ትሑት ናት፤ በየሰዓቱ «ሌላ ጊታር ልደርብበት?» ትለናለች። አራት ደረበችበት። አራት ብርድ ልብስ የደረበ ሰው ይሞቀዋል እንጂ ክብደት አይጨምርም።

የጎደለው ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር። ያልተናገርኩት ስለማፍር ነው። በኋላ እንደገባኝ፣ ሦስታችንም እያወቅን ነው ሦስት ቀን ዝም የተባባልነው።

አባታችን፣ የእኔና የታላቅ ወንድሜ አባት፣ ባለ ሁለት ክፍል ማተሚያ ቤት ነበራቸው። ከፊት ትልቁ ማሽን፣ ከኋላ የወረቀት መጋዘን። ዝገት የተወለደው እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አባታችን ከፊት ሲያትሙ እኛ ከኋላ፣ በወረቀት ክምር መካከል እንለማመድ ነበር። ማሽኑ አንካሳ ነበር። አንዱ ማርሽ ጥርሱ ተሰብሮ፣ ሦስት ጊዜ እኩል ይመታና አራተኛው ላይ ባዶው ቦታ ሲደርስ ይንገዳገዳል፣ ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል፣ ከዚያ ወርዶ ያርፋል። ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ቆይቶ ዱም። አባታችን «ማተሙን እስካተመ ድረስ ቢያነክስ ምን ቸገረኝ» እያሉ ሳያስጠግኑት ኖሩ።

ያኔ ድራም የሚመታው ወንድሜ ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ከዚያ ማሽን ጋር ስለዋለ፣ ድራሙ ላይ ሲቀመጥም አራተኛውን ምት የሚመታው እንደ ማሽኑ ነው። እኛም እሱን ተከተልን። ሙዚቃ በሌላ መንገድ ይቆጠራል ብሎ የነገረን አልነበረም። ክብደታችን ያለው እዚያች ቅንጣት ውስጥ ነበር። ሰሚው ምቱን ይጠብቃል፣ ምቱ ይቀርበታል፣ ሆዱ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ሁላችንም አንድ ላይ እንወርድበታለን። ስንት ጊታር ቢደረብ ያችን ቅንጣት አይተካትም።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ትምህርት ቤት ይዞኝ የሚሄደው እሱ ነበር። እግሩ ረጅም ነው፤ እኔ ኋላ እቀራለሁ፣ «ጋሼ ጠብቀኝ» እላለሁ። አንድም ቀን ዞሮ አይቶኝ አያውቅም፤ ጓደኞቹ ፊት ታናሹን ሲጠብቅ መታየት ያሳፍረዋል። ግን ትንሽ ሄድ ይልና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ያስራል። እስክደርስበት ድረስ ያስራል። አንድ ማሰሪያ በአንድ መንገድ ላይ እንዴት አምስት ጊዜ እንደሚፈታ እስከ አሥር ዓመቴ ድረስ አልገባኝም ነበር።

ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት አንድ ፕሮዲዩሰር ዘፈኖቻችንን ወደደልን። «ድራመራችሁ ግን ያነክሳል» አለ። ወንድሜን ሄድፎን አድርጎ ምቱን እኩል የሚቆጥር ጠቅታ እየሰማ እንዲመታ አስቀመጠው። ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ወንድሜ አራተኛው ላይ ይዘገያል። አርባ ጊዜ ሞከረ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ፣ አርባ ጊዜም ዘገየ። ፕሮዲዩሰሩ እሱን ወይም አልበሙን ምረጡ አለን። አልበሙን መረጥን፤ በወንድሜ ቦታም ሰዓቱን ተካን። ማን ይንገረው ሲባል «ካንተ ሲሆን ይሻላል፤ ወንድሙ አይደለህ?» አሉኝ። ለምን ከእኔ ሲሆን እንደሚሻል ዛሬም አላውቅም።

ማተሚያ ቤቱ ስሄድ ወረቀት መቁረጫው ጋ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ አንተ ካለህ አይቀዱንም» አልኩት። የወረቀቱን ክምር አስተካከለ። ከዚያ «ያንን ጫፍ ያዝልኝ» አለ። የክምሩን ጫፍ ያዝኩለት፤ ቢላውን አወረደው። «ልክ ናችሁ፤ እዘገያለሁ» አለና ሌላ ክምር አመጣ። ያንንም ያዝኩለት። አንድ ሰዓት ያህል ወረቀት ስይዝለት ቆይቼ ወጣሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ወግቼም አልረሳሁም። ከዚያ በኋላ ያልተገናኘንበት ወር የለም፤ እናታችን ቤት፣ ሆስፒታል፣ አባታችንን የቀበርን ቀንም ጎን ለጎን ነበርን። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መኪናዬ ጎማ እናወራለን። ስለ ሙዚቃ አንዲት ቃል አንስተን አናውቅም። ናፍቆኝ ነበር። በየወሩ የምታየው ሰው እንዴት ይናፍቃል ብትሉኝ፣ የናፈቀኝ ከጀርባዬ ሆኖ ሲመታ የኖረው ወንድሜ ነው፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስለ ጎማ የሚጠይቀኝ አይደለም። መድረክ ላይ ስቆም እስከ ዛሬ ጀርባዬን ይበርደኛል።

እንግዲህ በሦስተኛው ቀን መጋዝ ማይክራፎኑን ከሰካች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድምህን አምጣው።»

«ለምን እኔ?»

«ያባረርከው አንተ ነሃ።»

«ያባረርነው ሁላችን ነን።»

«ውሳኔው የሁላችን ነበር፤ አፉ ግን ያንተ ነበር» አለች። ሽቦም ገመዱን እየጠቀለለ «በዚህ እንኳን ትክክል ናት» አለ። በዚህ ዓለም ላይ ሽቦ ከመጋዝ ጋር ሲስማማ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ የተላክሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ከሰዓት ዓይኔን በጨው አጥቤ ወንድሜ ከአባታችን ወደ ወረሰው ማተሚያ ቤት ሄድኩ። የወንድሜ ሚስት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ የሠርግ መጥሪያ እያጠፈች ነበር። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ።

«ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች? በመኪናህ ነው የመጣኸው ወይስ ተማሪዎችህ ጨርሰውታል?»

«ትንሽ አስተርፈውልኛል፣ እትዬ።»

ወንድሜ ከውስጥ ወጣ። ሽርጡ ላይ ሰማያዊ ቀለም ፈሶበታል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ረስቶታል። መንገዱን ሁሉ የምለምንበትን ንግግር ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት፤ መጀመሪያ ጥፋቴን አምናለሁ፣ ቀጥሎ እሱ ይቆጣል፣ ከዚያ ሽማግሌ እልካለሁ፣ ምናልባት በሦስተኛው ሳምንት እሺ ይላል።

«ጋሼ፣ አልበም እየሠራን ነው» አልኩት።

«ሰምቻለሁ።»

«የድሮውን ዓይነት። ከባዱን።»

«ጥሩ ነው።»

«ድራመር የለንም።»

ጨርቅ አንስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። ቀለሙ እንደማይለቅ እሱም እኔም እናውቃለን። ሚስቱ መጥሪያ ማጠፏን አቆመች።

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ።

ያዘጋጀሁት ንግግር ሳይነገር ቀረ። «ቅዳሜ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት» አልኩት። «እሺ» አለ፤ ነገሩም በዚህ አለቀ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልሄድ ስል ዓይኔ ማሽኑ ላይ ዐረፈ፤ ጥግ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። «አሁንም ይሠራል እንዴ?» አልኩ። «እንዴት አይሠራም» አለና ሸራውን ገፎ ማብሪያውን ተጫነው። ጎርነን ብሎ ተነሣ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። አራተኛውን ጠበቅሁ። ዱም አለ፤ በቦታው፣ በጊዜው። እንደገና ጠበቅሁ። እንደገና በቦታው።

«ማርሹስ?»

«አስቀየርኩት።»

«መቼ?»

«እናንተ አልበሙን በቀዳችሁ ጊዜ» አለና ፈገግ አለ። «እጄን ያበላሸው እሱ ነው ብዬ። ቀን ከሌት አጠገቤ ሆኖ እያነከሰ ምን ያስተምረኛል?»

ስቄ ተሰናበትኩት፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን ቁልፉን ሳላዞር ብዙ ቆየሁ። ማሽን ይታደሳል፣ የሰው እጅ ግን የለመደውን አይለቅም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሁለቱን ቀናት የኖርኩት በዚያች ተስፋ ነው።

ቅዳሜ ለሦስት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደረሰ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ ፀጉሩንም ተቆርጧል። ዱላዎቹን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ በብብቱ ይዟቸዋል። ሚስቱ ሻይ በቴርሞስ ይዛ ከኋላው ገባች። መጋዝ ስታየው እንዴት እንደምትሆን ሁላችንም ጨንቆን ነበር፤ ሄዳ አቀፈችውና ረጅም ጊዜ አለቀቀችውም። ሽቦ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ቆመ። «ግዴለህም ልቀቀው፣ ትታፈናለህ» አለው ወንድሜ። ሳቅን። ለአንድ አፍታ መጋዘኑ ውስጥ የነበርን መሰለኝ፤ የወረቀቱ ሽታ ሁሉ መጣብኝ፤ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ።

ወንበሩን አስተካከለ። ከዚያ ድምፅ ወደምትቀዳው ልጅ ዞሮ «ልጄ፣ ጠቅታውን ስጪኝ» አለ።

«ያለ ጠቅታ ብንሞክር ይሻላል» አለች መጋዝ።

«የለም፤ ትስጠኝ።»

ሄድፎኑን አደረገ። ልጅቷ ቁልፉን ነካች። ሁላችንም ጀመርን፤ የመጀመሪያው ካሴት ላይ የነበረውን፣ ማሽኑ ያስተማረንን ዘፈን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እኔ ለአሥራ ስድስት ዓመት የናፈቀችኝን ባዶ ቦታ ልገባባት ጎንበስ አልኩ። ባዶ ቦታ አልነበረም። አራተኛው ምት እንደ ሦስቱ ቀጥ ብሎ መጣ። አምስት ደቂቃ ተኩል መታ፤ አንዲትም ጊዜ አላነከሰም።

ልጅቷ ስክሪኗ ላይ አፍጥጣ ቀረች። «ጋሼ፣ አንዷም እኮ አልተዛነፈችም» አለች። «እንደዚህ የሚመታ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ወንድሜ ሄድፎኑን አወለቀ። ያየው እሷን አልነበረም፤ እኔን ነው። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ጨርሰው ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ወደ እኔ የሚዞሩ ተማሪዎች ሁሉ ያ ፊት አላቸው። ስልሳ ሊደፍን አንድ ዓመት የቀረው ሰውዬ፣ ታላቄ፣ ከእኔ ውጤት ይጠብቅ ነበር።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ከሰዓት አይለይም» አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ ሌላ የምለው ግን አልነበረኝም። መጋዝ ወደ ግድግዳው ዞራለች። ሽቦ ያልተበላሸ ገመድ ይጠግናል።

ሻይ እንጠጣ ተባለና ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። የወንድሜ ሚስት ተከትላኝ ወጥታ አንድ ኩባያ ሰጠችኝ። ዓይኗ ያበራ ነበር።

«ደህና ነበር አይደል?»

«በጣም። የት ተማረው?»

«የት ይማራል፣ እዚያው መጋዘን ውስጥ ነዋ። በየቀኑ ሥራ ከዘጋ በኋላ አንድ ሰዓት። ያችን ጣ ጣ የምትል ሳጥን ገዝቶ» አለች። «መጀመሪያ መጀመሪያ ሲስት ዱላውን ይወረውር ነበር። ያችን አራተኛዋን ለማቅናት ብቻ ሦስት ዓመት ፈጀበት። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ጎረቤቶቻችን ሥራ መውጫቸውን የሚያውቁት በእሱ ነው።»

«ለምን፣ እትዬ?»

«ለምን ትለኛለህ? ቢጠሩኝ ተዘጋጅቼ ልቆይ ይል ነበር።» የቴርሞሷን ክዳን አጠበቀች። «እኔ እንኳን አይጠሩህም ብዬው ነበር። ይቅር በለኝ፤ ስለ አንተ ክፉ አስቤ ነበር።»

ክፉ ማሰቧ ልክ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጎረቤት ሁሉ የሰማውን፣ ለእኔ ተብሎ የሚመታውን ድራም፣ እኔ ብቻ አልሰማሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ኩባያውን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። አንጀቴን በላው፤ ከዚያም በላይ ራሴን ጠላሁት።

እሷ ስትገባ መጋዝ ወጣች።

«ንገረው» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ምን ብዬ?»

«እንደ ድሮህ ምታ በለዋ።»

«እንደ ድሮህ ማለት አንክስ ማለት ነው።»

«ታዲያ እንደዚያው በለው።»

«አንዴ ታነክሳለህ ብዬ አባረርኩት። ሰውዬው ዕድሜውን ከፍሎ ዳነ። አሁን ደግሞ ሄጄ ለምን ዳንክ ልበለው?»

መጋዝ ጉሮሮዋን ነካ አደረገች። «እኔ ከዚህ በኋላ ሌላ አልበም የለኝም እኮ» አለች። «ሐኪሙ ጩኸቱን ተይው ብሎኛል። ይሄን ብቻ ልጨርስ ብዬ ነው የመጣሁት። ቀላል ሆኖ ከሚወጣ ባይወጣ ይሻለኛል።»

ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። መጋዝ ካለች አለች ነው፤ አልበሙን ትተወዋለች። ወንድሜም ብነግረው «ልክ ናችሁ» ይላል፣ ዱላዎቹን በወረቀቱ ይጠቀልላል፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ጎማ እንኳን አይጠይቀኝም። ገብቼ አንዳቸውን መስበር ነበረብኝ። የማርያም መንገድ የሚሰጠኝ አልነበረም።

ሥራዬ አንድ ነገር አስተምሮኛል። ተማሪ ሲፈጥን መሪውን ከእጁ አትነጥቀውም፤ ከነጠቅከው ዳግመኛ በራሱ አይተማመንም። በአንተ እግር ሥር ያለች ሁለተኛ ፍሬን አለች። ምንም ሳትናገር እሷን ነካ ታደርጋለህ። መኪናው በራሱ ፈቃድ የቀዘቀዘ ይመስለዋል።

ገባንና እንደገና ጀመርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ጣቴን ክሩ ላይ ያዝ አድርጌ ቆየሁ፤ ድራሙ ካለፈ በኋላ ለቀቅሁት። ወንድሜ መምታቱን አቆመ።

«ወደኋላ ቀረህ።»

«እንደገና» አልኩ።

እንደገና ቀረሁ። ልጅቷ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና «ቤዙ ላይ ትንሽ…» ማለት ስትጀምር መጋዝ በእጇ ዝም አሰኘቻት። በሦስተኛው ሙከራ ወንድሜ ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ምን ሆነሃል? አራተኛው ላይ ትንገዳገዳለህ» አለኝ። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም ለእኔ አፍሮ ነበር።

ወደ እሱ ዞርኩ። ተማሪ ላይ የምጠቀምባት ዘዴ ታላቅ ወንድም ላይ እንደማትሠራ ያኔ ገባኝ፤ በፍሬን ብቻ የሚሆን አልነበረም።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አልኩት። «እዚያ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ነው። ካንተ የለመድኩት ነው፤ አልለቀቀኝም። አንተ ቀናህ፣ እኔ እዚያው መጋዘን ውስጥ ቀረሁ። ያኔ የነገርኩህ ቀን… ያኔ አንተ አልነበርክም የተሳሳትከው።» የጊታሬን ማንገቻ አስተካከልኩ። «ጠብቀኝ» አልኩት።

ሽቦ ገመዱን ጠግኖ ጨርሶ የሚያየው ጠፍቶት ጣሪያውን ያያል። የወንድሜ ሚስት በሩ ላይ ቴርሞሷን ታቅፋ ቆማለች። ከሄድፎኑ ውስጥ ጠቅታው በትንሹ ይሰማል፤ ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ጣ።

ወንድሜ ዱላዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠና ጎንበስ አለ። ሊሄድ ነው አልኩ በልቤ።

እጁን ወደ ጫማው ሰደደ። ማሰሪያው አልተፈታም ነበር። ካለሁበት በደንብ ይታየኛል፤ ጠዋት ቤቱ ተጠብቆ የታሰረ ማሰሪያ ነው። ፈታው። ቀስ ብሎ አሰረው። ቀና ሳይል እንደገና ፈታው፣ እንደገና አሰረው። ከእሱና ከእኔ በስተቀር የገባው ሰው አልነበረም።

ቀና ሲል አላየኝም። ሄድፎኑን አውልቆ ከድራሙ ጎን ያለው ብረት ላይ ሰቀለው። «ልጄ፣ ይቺን አጥፊልኝ» አለ። ጠቅታው ጠፋ።

«በል» አለኝ።

ድሮ እንደምንቆመው ዞሬ ጀርባዬን ሰጠሁት። በዱላዎቹ ቆጠረልን፤ ገባን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ጣቴን ይዤ ቆየሁ። ከኋላዬ ምንም አልተሰማም። ዱላው አየር ላይ ነበር፤ እኔ እስክደርስ። ከዚያ አብረን ወረድን።